የስኹራችሁን ወለል ኢፖክሲ ልትቀቡ ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት በሴኽዋርት ወይም በኦስተርሄም የረድፍ ቤቶች ጓሮ በኩል ስታልፉ የእንጀራ ሽታ ከመጣባችሁ፣ ከየት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከኩሽና አይደለም፤ ከስኹር ነው። እንፋሎቱ ሳሎን እንዳይገባ ብለን ምጣዱንም የሊጡን ባልዲም ተሸክመን ወደ ጓሮው ዕቃ ቤት የተሰደድን ስንት ነን! ብስክሌቱ በአንድ በኩል፣ የጤፍ ዱቄቱ በሌላ በኩል፣ መሃል ላይ ምጣዱ። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የማይመች አንድ ነገር ቢኖር ወለሉ ነው።

እርቃኑን የቀረ ኮንክሪት ነዋ። ብትጠርጉት ብትጠርጉት አቧራው አያልቅም። የፈሰሰውን ሊጥ ይጠጣና ይኮመጥጣል። የብስክሌት ዘይት አንዴ ከነካው አይለቅም። ታዲያ አንድ ቀን ጎረቤት ስኹሩን ሲከፍት የሚያብረቀርቅ ግራጫ ወለል ታያላችሁ። «ኢፖክሲ ነው፣ በሁለት ቀን ጨረስኩት» ይላችኋል። በቃ፣ ልባችሁ ይሸፍታል።

የእኔም ልብ ሸፍቶ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ይድረስ ብዬ በነሐሴ መጨረሻ ቀባሁት። ለበዓሉ አምሮ ዋለ፤ እንግዳ ሁሉ እየገባ አየው። ለገና ግን ከበሩ ሥር እንደ ድንች ልጣጭ መነሣት ጀመረ። ለጥምቀት ቁጭ ብዬ በእጄ እየላጥኩ በከረጢት አወጣሁት። የቀለሙ ጥፋት አልነበረም። ወለሉ ከሥሩ ምን እንደያዘ ሳልጠይቅ ነው ደርቤ የቀባሁበት። እንግዲህ እናንተ ጣሳውን ከመክፈታችሁ በፊት ሁለት ነገር ብታውቁ እላለሁ፤ አንዱ ስለ ወለሉ፣ ሁለተኛው ስለ ቆዳችሁ። ሁለተኛው ይብሳል፤ ወለል ይፋቃል፣ ቆዳ ግን አይቀየርም።

መጀመሪያ ግን ኢፖክሲ ምንድነው? ቀለም ይመስላል እንጂ ቀለም አይደለም። ተራ ቀለም ውስጡ ያለው ውሃ ወይም ቲነር ሲተን ይደርቃል። ኢፖክሲ ሁለት ጣሳ ሆኖ ነው የሚመጣው፦ በአንዱ ሙጫው፣ በሌላው ማጠንከሪያው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ እርስ በርስ ይያያዙና አዲስ ጠጣር ነገር ይፈጥራሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ፈሳሽነት መመለስ የለም። ልጆች፣ ይህን ብትሰሙ ትስቃላችሁ፦ በ1930ዎቹ መጨረሻ ፒየር ካስታን የተባለ የስዊዘርላንድ ኬሚስት በዚህ ሙጫ ላይ ሲሠራ ያሰበው ለወለል አልነበረም፤ ለሰው ሠራሽ ጥርስ ነበር። ለእኛም ሩቅ ነገር አይደለም። ከዞተርሜር ብዙም ሳይርቅ፣ በሮተርዳም ወደብ በፐርኒስ፣ የኢፖክሲ ሙጫ ለአሥርተ ዓመታት ሲመረት ኖሯል።

ወለል መቀባት ራሱ ለእኛ አዲስ አይደለም። ገጠር ያደገ ሰው እናቱ ለበዓል ወለሉን በእበት ስትለቀልቅ ያስታውሳል። የፊተኛው ልቅልቅ ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብም፤ የተሰነጠቀው መጀመሪያ ይሞላል፤ ልጅ እንዳይረግጠው በር ላይ ጠባቂ ይቆማል። ከተማ ያደገው ደግሞ ሊሾውን ያውቃል፣ ያንን በሲሚንቶ ተልጎ የሚያብረቀርቅ ወለል። ኢፖክሲ የሚጠይቀው ትዕግሥት ከእናቶቻችን ልቅልቅ ብዙ አይለይም። የሚለየው አንድ ነገር ነው፦ ልቅልቁ ይተነፍሳል፣ ኢፖክሲ አይተነፍስም።

ከወለሉ በታች ምን አለ?

የከተማችን ስም በደች «ጣፋጭ ሐይቅ» ማለት ነው፤ ጨው የሌለበት ሐይቅ እንደማለት። ሐይቁ እውነተኛ ሐይቅ ነበር። በ1600ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ውሃውን አውጥተው መሬቱን እርሻ አደረጉት፤ ዛሬ ሜርፖልደር የምንለው ነው። ከዚያ በ1962 መንግሥት ይህችን ትንሽ መንደር ከዴንሃግ የሚተርፈውን ሕዝብ እንድትቀበል መረጣትና ሰፈሩ ሁሉ ተራ በተራ በሸክላና በረግረግ አፈር ላይ ተሠራ። ፖልደሩ ከባሕር ወለል በታች ሲሆን ውሃውን ቀን ከሌት ፓምፕ እየገፋ ያወጣዋል። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ታሪክ ላስተምር ብዬ አይደለም። የስኹራችሁ ወለል በዚህ መሬት ላይ በቀጥታ የፈሰሰ ቀጭን ኮንክሪት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ከሥሩ እርጥበት የሚያግድ ላስቲክ የለውም።

ኮንክሪት ጠንካራ ይምሰል እንጂ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የሞላው ነው። ከሥር የገባው እርጥበት ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል፣ ከላይ ይተናል፤ እናንተም አታዩትም። በላዩ ኢፖክሲ ስትደርቡ መውጫውን ዘጋችሁበት ማለት ነው። ውሃው ግን መምጣቱን አይተውም። ይጠራቀማል፣ ይገፋል፣ በመጨረሻም ቀለሙን ከነቆዳው ያነሣዋል። የእኔ ወለል የተላጠው በዚህ ነው። ነሐሴ ላይ ደረቅ ነበር፤ ክረምቱ ገብቶ የመሬቱ ውሃ ከፍ ሲል ነው ነገሩ የተበላሸው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፣ ልጆችም ሊሠሩት ይችላሉ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ወፍራም ግልጽ ላስቲክ ቁረጡ። ወለሉን ጥረጉና ላስቲኩን አንጥፉት፤ አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳይገባ በሰፊ ፕላስተር ለጥፉ። ሃያ አራት ሰዓት ተዉት። በማግሥቱ ልጃችሁ ሄዶ ይመልከት፦ ከላስቲኩ ሥር ጠብታ አለ? ኮንክሪቱ ከአካባቢው ጠቆር ብሏል? አንዱ እንኳ ካለ ወለሉ ውሃ እየሳበ ነው። ደረቅ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው፤ ግን እንደ እኔ በበጋ ብቻ ሞክራችሁ አትታለሉ። ከቻላችሁ በጥር ወይም በየካቲት ድገሙት፤ ከአንድ ቦታ ይልቅም ሁለት ሦስት ቦታ ለጥፉ፣ በተለይ በበሩና በግድግዳው ሥር።

ሌላም የልጆች ሥራ አለ። በማንኪያ ውሃ ወለሉ ላይ ጠብ አድርጉ። ውሃው ገብቶ ካጠቆረው ወለሉ ይጠጣል፣ ቀለምም ይይዛል። ጠብታው እንደ ዕንቁ ተሰብስቦ ከቀረ ግን ዘይት ወይም የድሮ ቀለም አለበት፤ በዚያ ላይ ምንም አይጣበቅም።

ላስቲኩ ውሃ ቢያሳያችሁስ? ኢፖክሲውን ተዉት። ይህን ስል የሚከፋችሁ እንዳለ አውቃለሁ፤ ጣሳውን ገዝታችሁ አስቀምጣችሁ ይሆናል። መልሳችሁ ገንዘባችሁን ውሰዱ። የጎማ ምንጣፍ ይሻላል፤ ወይም ኮንክሪቱ ውስጥ ገብቶ አቧራውን የሚያጠነክር፣ ግን መተንፈሻውን የማይዘጋ የሲሊኬት ፈሳሽ አለ። እንደ መስታወት አያብረቀርቅም፤ አይላጥምም።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ደብዳቤ ጻፉ። በኔዘርላንድ ሕግ ተከራይ ያለ ብዙ ወጪ ወደ ነበረበት መመለስ የሚችለውን ለውጥ በቤቱ ውስጥ ያለ ፈቃድ ማድረግ ይችላል። ኮንክሪት ላይ የተጣበቀ ኢፖክሲ ግን በቀላሉ የሚመለስ አይደለም፤ በመፍጫ ማሽን ነው የሚነሣው። ከቤት ኮርፖሬሽኑ በጽሑፍ ፈቃድ ይኑራችሁ። ሜርዚኽት ፎቅ ላይ የምትኖሩና ምድር ቤት የጋራ መተላለፊያ ያለው ቤርኺንግ ያላችሁም ቤቱን ብትገዙትም የባለንብረቶቹን ማኅበር ጠይቁ።

ቆዳችሁ አይረሳም

አንድ የማውቀው ወንድም በወለል ሥራ ላይ ለዓመታት ሠርቷል። ጎበዝ ነበር። መጀመሪያ በጣቶቹ መሃል ማሳከክ ጀመረው፤ የክረምት ድርቀት ነው ብሎ ቫዝሊን ቀባ። ከዚያ አንጓው ቀላ፣ ከዚያ የዓይኑ ቆብ አበጠ። በመጨረሻ ሌላ ሰው ኢፖክሲ ወደሚቀላቅልበት ክፍል ሲገባ እንኳ ፊቱ ይነድደው ጀመር። ሐኪሙ አለርጂ መሆኑን ነገረው። ዛሬ ያንን ሙያ ትቶ መጋዘን ውስጥ ይሠራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያልጠነከረ ሙጫና ማጠንከሪያ ቆዳን ሲነካ የሰውነት መከላከያ እንደ ጠላት ሊመዘግበው ይችላል። አንዴ ከመዘገበ ዕድሜ ልክ አይረሳም። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። በመጀመሪያው ንክኪ ምንም ላይታይ ይችላል፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፦ «እኔ አልነካኝም፣ ቆዳዬ ጠንካራ ነው» ይላል። ሙሉ በሙሉ የጠነከረ ወለል ይህ አደጋ የለበትም። አደጋው ፈሳሹና ገና ያልጠና ወለል ላይ ነው፤ ቶሎ ብላችሁ በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍጉት የሚነሣው ብናኝም እንደዚያው።

እዚህ ላይ ልጆቻችሁን አሠሯቸው፤ ደቹን ከእኛ በላይ ያነብባሉና። ልጆች፣ የጣሳውን ጀርባ ፈልጉ። በቀይ ባለ አራት ማዕዘን ክፈፍ ውስጥ የቃል አጋኖ ምልክት አለ? «ኤች 317» የሚል ኮድስ? ትርጉሙ «በቆዳ ላይ አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል» ነው። የሞተ ዓሣና ዛፍ ያለበት ሥዕል ካለ ደግሞ ትራፊውን ወደ ቱቦ አታፍስሱት ማለት ነው። አንብባችሁ ለአባባ ወይም ለእማማ ከነገራችሁ በኋላ ግን ሥራችሁ አበቃ፤ ማቀላቀሉም መቀባቱም የአዋቂ ነው፣ እናንተ በሩ ላይ እንኳ አትቆሙም።

ለአዋቂዎቹ፦ ስሱ የላቴክስ ጓንት አይበቃም፣ ሙጫው ያልፈዋል። ወፈር ያለ፣ አንጓን የሚሸፍን የናይትራይል ጓንት ግዙ፤ በተነካካ ቁጥር ቀይሩት። ረጅም እጅጌ፣ የዓይን መነጽር። ቆዳችሁን ከነካ ወዲያው በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፤ በቲነር በፍጹም! ቲነር ቆዳውን ገልጦ ሙጫውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ሩብ ሰዓት በሚወርድ ውሃ እያጠባችሁ ለሐኪም ደውሉ። ከቀናት በኋላ ማሳከክ ከመጣ ለሀውስአርትሳችሁ «ኢፖክሲ ነክቻለሁ» ብላችሁ በቃል ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ተራ ሽፍታ ሊመስለው ይችላል። በዚህ ሥራ ለሰው ተቀጥራችሁ የምትሠሩም ካላችሁ፣ ጓንትና መከላከያ አሠሪው በነጻ የሚሰጣችሁ መብታችሁ እንጂ ውለታ አይደለም።

የቀለሙ ቀን

ወለሉ ደርቆ ፈተናውን አለፈ እንበል። ሱቅ ስትሄዱ አንድ ነገር አጣሩ፦ ጋማም ፕራክሲስም ሆርንባክም «ቤቶንቨርፍ» የሚባል የኮንክሪት ቀለም ይሸጣሉ፤ ብዙው ባለ አንድ ጣሳ ተራ ቀለም ነው። ለቀላል አገልግሎት መጥፎ አይደለም፣ ግን ኢፖክሲ አይደለም። ኢፖክሲ ሁልጊዜ ሁለት ክፍል አለው፤ ጣሳው ላይ «2 ኮምፖኔንተን» የሚል ፈልጉ። መጠኑን ለማስላት ልጆች ይለኩላችሁ፦ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር ስድስት ካሬ ነው። በሩሎ የሚቀባ ኢፖክሲ ለአንድ ካሬ በአንድ ዙር ሩብ ኪሎ ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ለአንድ ዙር ኪሎ ተኩል፣ ለሁለት ዙር ሦስት ኪሎ። የጣሳው ጽሑፍ ከዚህ ከተለየ ጣሳውን እመኑ።

ዝግጅቱ ከቀለሙ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ። ዘይቱን በማቅለጫ ሳሙና ታጥባላችሁ። ላዩን በአልማዝ መፍጫ ማሽን ትፈገፍጋላችሁ፤ ማሽኑ ከአቧራ መሳቢያው ጋር በቀን ይከራያል። የኮንክሪት አቧራ ሳንባ የሚጎዳ ኳርትዝ ስላለበት ማሽኑ አቧራውን ቢስብም «ኤፍ-ኤፍ-ፒ 3» ጭምብል አድርጉ። ስንጥቁን ለኢፖክሲ በተሠራ መሙያ ድፈኑ። አዲስ የፈሰሰ ኮንክሪት ከሆነ ቢያንስ 28 ቀን ይቆይ።

አየሩንም ተመልከቱ። ብዙ ኢፖክሲ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይጠነክርም። ከዚያ በላይ የምትፈሩት ጤዛን ነው፤ ወለሉ ጤዛ ከሚፈጠርበት ሙቀት ቢያንስ በሦስት ዲግሪ መብለጥ አለበት። አየሩ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ ከሆነ ጤዛ የሚጀምረው 14 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ወለሉ ከ17 ዲግሪ ተኩል በላይ ይሁን። በሚያዝያ ፀሐይ ሞቅ ያለ ቀን ላይ እንኳ የስኹር ወለል ገና ቀዝቃዛ ነው፤ እጃችሁን አሳርፉበትና ታዩታላችሁ። በዚያ ሳምንት እንጀራም አትጋግሩበት፤ የአንድ ቀን ጋገራ እንፋሎት ግድግዳውን ሁሉ ያረጥባል።

ማቀላቀል ላይ የእኛ ሰው የሚሳሳተው ከእርሾ ጋር እያመሳሰለ ነው። እርሾ ሲበዛ ሊጡ ቶሎ ይቦካል። ማጠንከሪያ ግን እርሾ አይደለም፤ እያንዳንዱ ጠብታ የሚያያዘው ከተወሰነ የሙጫ መጠን ጋር ነው። ብታበዙት የተረፈው ብቻውን ይቀርና ወለሉ ይጣበቃል፤ ብታሳንሱትም ያው። ሁለቱን ጣሳ ሙሉ ለሙሉ ገልብጡ፤ በዝግታ በሚዞር ድሪል ሦስት ደቂቃ አዋሕዱ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ንጹሕ ባልዲ አፍስሱና እንደገና አዋሕዱ። በባልዲው ጎንና ሥር ሳይቀላቀል የሚቀር ሙጫ አለ፤ ያ ሙጫ ወለል ላይ ከደረሰ ዓመት ቢሞላው አይደርቅም።

ከዚህ በኋላ ሰዓቱ ይቆጥራል። እንደ ዓይነቱ ከሃያ እስከ አርባ ደቂቃ ነው ያላችሁ። ስልክ ቢጮኽ አታንሡ። ሁለቱ ሲያያዙ ሙቀት ያወጣሉና ባልዲ ውስጥ በብዛት የተቀመጠ ኢፖክሲ ራሱን በራሱ አግሎ ሊጨስ ይችላል። በር ክፈቱ። ጠርዙን በፔኔሎ፣ መሃሉን በአጭር ጠጉር ሩሎ፣ ከጥግ ጀምራችሁ ወደ በሩ እየወጣችሁ ቀቡ። (አንድ ጓደኛዬ ከበሩ ጀምሮ ጥግ ላይ ተዘግቶ ቀርቷል፤ ስሙን አልነግራችሁም።)

ሰዓቱን ደግሞ ወደ ማታ አድርጉት። ጠዋት ወለሉ እየሞቀ ሲሄድ በኮንክሪቱ ቀዳዳ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና በቀለሙ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። እንጀራ ዓይን ሲያወጣ ደስ ይለናል፤ ወለል ዓይን ሲያወጣ ግን በየዓይኑ ውሃና ቆሻሻ ይገባል። ሙቀቱ በሚወርድበት ሰዓት ከቀባችሁ አየሩ አርፎ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ዙር አብዛኛውን ጊዜ በማግሥቱ ነው፤ ጣሳው የሚፈቅደው ሰዓት ካለፈ ግን ጓንትና ጭምብል አድርጋችሁ በብርጭቆ ወረቀት ሳትፈገፍጉ አትደርቡ። አገር ቤት ካሉ እናቶች ለጉብኝት የሚመጣ ካለ በእርጥቡ ላይ ደቃቅ የኳርትዝ አሸዋ በትኑበት፤ እርጥብ ኢፖክሲ ያንሸራትታል፣ በሰባ ዓመት መውደቅ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ወለሉ በማግሥቱ ቢረገጥም ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ20 ዲግሪ ሰባት ቀን ገደማ ቆይቶ ነው፤ ከቀዘቀዘ ይረዝማል። እስከዚያ ልጅም ድመትም አይግባ። ያልተቀላቀለ ፈሳሽ ትራፊ ካለ ከነጣሳው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሚልየስትራት ውሰዱት።

ምጣዱን ከሳምንት በኋላ መመለስ ትችላላችሁ፣ እግር ስላለው አይጎዳውም። የጋለ ነገር ግን በቀጥታ አታስቀምጡ፤ ብዙው ኢፖክሲ ከ50 እና 60 ዲግሪ በላይ መለስለስ ይጀምራል። የከሰል ምድጃማ ወለሉን ብቻ አይደለም የሚያበላሸው። በሩ የተዘጋ ስኹር ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላት ሽታ በሌለው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ከሰሉ ወደ ጓሮ ይውጣ።

የእኔን ወለል ለምትጠይቁኝ፦ ባለፈው ጥር ላስቲኩን እንደገና ለጠፍነው። ጠዋት ልጄ በፒጃማዋ ወርዳ አየችና «አሁንም ያለቅሳል» አለችኝ። ከምጣዱ ሥር የጎማ ምንጣፍ አነጠፍን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አውጥተን እናጥበዋለን።